ከተማ ሰማዩን ማዘዝ ይችላል? የሲታክ ሦስተኛ መንደርደሪያ ያስተማረን



የማታ ፈረቃ ታክሲ የምንነዳ ሰዎች የምንተኛው ጠዋት ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰን፣ ቁርስ ቀማምሰን፣ መጋረጃውን ዘግተን ጋደም ስንል ሰማዩ ሥራ ይጀምራል። በሲታክ፣ በታክዊላ፣ በደሞይንስ፣ በቢከን ሂል የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። አንዱ አልፎ ጆሮ ሳያርፍ ሌላው ይመጣል። የሚገርመው፣ ቀን እንቅልፍ የሚነሳን አውሮፕላን ማታ እንጀራችንን የሚያመጣልን ያው አውሮፕላን ነው። እሱ ያወረደውን መንገደኛ ነው እኛ ዳውንታውን የምናደርሰው።

ስለ ኤርፖርቱ መስፋፋት ካወራን ወዲህ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠየቃችሁን። "ከተማው ለምን እምቢ አይልም? አገሩ ዴሞክራሲ አይደል እንዴ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አጭር አይደለም፤ የሲያትል-ታኮማ ኤርፖርት ሦስተኛ መንደርደሪያ፣ ማለትም ራንዌይ፣ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይፈልጋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።

ነገሩ በ800 ጫማ ተጀመረ

ሲታክ ድሮ ሁለት ራንዌዮች ብቻ ነበሩት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 800 ጫማ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ፓይለቶቹ እየተያዩ ጎን ለጎን ማረፍ ይችላሉ። ደመናው ዝቅ ሲል ግን 800 ጫማ አይበቃም፤ የሚያርፉት በአንድ መስመር ብቻ ይሆናል። የሲያትልን ሰማይ የምታውቁ ደመና በዓመት ስንት ቀን እንዳለ አንነግራችሁም። አውሮፕላኖች ይዘገያሉ፣ አየር መንገዶች ይከስራሉ። ስለዚህ ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረው ፖርት ኦፍ ሲያትል ከምሥራቁ ራንዌይ 2,500 ጫማ ርቆ፣ ወደ ምዕራብ፣ 8,500 ጫማ የሚረዝም ሦስተኛ ራንዌይ እንሥራ አለ። ውሳኔው በ1996 ጸደቀ።

ምዕራቡ ግን ባዶ ሜዳ አልነበረም። ቤቶች ነበሩ፣ ረግረግ ነበር፣ ሳልመን ዓሣ የሚወጣባቸው ጅረቶች ነበሩ። መሬቱም ቁልቁለት ስለሆነ በሚሊዮን የሚቆጠር ኪዩቢክ ያርድ አፈር ተጭኖ መምጣት ነበረበት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተገዝተው ፈረሱ።

ድምፅ ለማግኘት ከተማ ሆኑ

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያኔ ቢዩሪየን የምትባል ከተማ በሕግ አልነበረችም። ሰፈር ነበረች፤ በካውንቲው ስር የምትተዳደር። ሰዎቹ "በስማችን የሚናገር መንግሥት ከሌለን ማንም አይሰማንም" ብለው ድምፅ ሰጡና በ1993 ራሳቸውን ከተማ አደረጉ። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ የራንዌዩ ነገር ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። አስቡት፣ ጩኸት የወለደው ከተማ!

ከዚያ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ። ቢዩሪየን፣ ደሞይንስ፣ ኖርማንዲ ፓርክ፣ ታክዊላና ፌዴራል ዌይ ከሃይላይን የትምህርት ዲስትሪክት ጋር ሆነው ኅብረት ፈጠሩ። ጠበቃ ቀጠሩ፣ የድምፅና የውኃ ባለሙያ ቀጠሩ፤ ትግሉ ዓመታት ፈጀ። ኤርፖርቱ በክልሏ ውስጥ የሚገኘው የሲታክ ከተማ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በ1997 ከፖርቱ ጋር ተደራድራ ስምምነት ፈረመች። አንዱ ፍርድ ቤት፣ አንዱ ጠረጴዛ።

ከተማ የማይችለው ነገር

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ለምን እምቢ አይልም?

ምክንያቱም በአሜሪካ ሰማዩ የከተማ አይደለም። በካሊፎርኒያ በርባንክ የምትባል ከተማ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጄት እንዳይነሳ ከልክላ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1973፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ከተማዋ ተሸነፈች። የበረራ ጉዳይ የፌዴራል መንግሥት ነው ተባለ። በ1990 ደግሞ ኮንግረስ ሌላ ሕግ አወጣ፤ ኤርፖርቶች ራሳቸው እንኳ አዲስ የሰዓት ገደብ ለማውጣት በጣም እንዲከብዳቸው አደረገ። ስለዚህ የከተማ ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ "ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳይበር" ብሎ ቢወስን ወረቀት ነው የሚሆነው።

ታዲያ እነ ቢዩሪየን ምን አደረጉ? ሰማዩን ትተው ውኃውን ያዙ። ብልህነታቸው እዚህ ላይ ነው። ራንዌዩ ወደ 20 ኤከር የሚጠጋ ረግረግ ይደፍናል። የሚመጣው አፈር የተበከለ ከሆነ ወደ ሚለር፣ ዎከርና ደሞይንስ ጅረቶች ይገባል። የውኃ ሕግ ደግሞ ለክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ይሰጣል። በጩኸት ማቆም ያልቻሉትን በዓሣ ያዙት። ክርክሩ እስከ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2004 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን አልሰረዘም፤ ግን አፈሩንና ውኃውን የሚጠብቁ ቅድመ ሁኔታዎች ተያይዘውበት ጸና። ራንዌዩ ኅዳር 2008 ላይ ተከፈተ። ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ።

ስለዚህ ተሸነፉ? አዎ፣ ራንዌዩ ተሠርቷል። ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። በ2002 የሃይላይን ትምህርት ቤቶችን ከድምፅ ለመከላከል የ100 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። ያ ገንዘብ ዝም ላለ ሰው አይመጣም። ልጆቻችን ዛሬ በነዚያ ክፍሎች መምህራቸውን የሚሰሙት ሌሎች ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት ስለጮኹ ነው።

ከዚያ ወዲህም ቢዩሪየን አላረፈችም። በ2016 የአቪዬሽን አስተዳደሩ፣ ኤፍ.ኤ.ኤ. የሚባለው፣ ወደ ሰሜን የሚነሱ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ከተማዋ ላይ ወደ ምዕራብ እንዲታጠፉ የሚያደርግ አሠራር ጀመረ፤ ሳይጠይቅ። ከተማዋ ከሰሰች፤ አስተዳደሩ አሠራሩን አነሳ። በኋላ ግን ጥናት አድርጌያለሁ ብሎ ተመለሰ። ከተማዋ እንደገና ከሰሰች። ሂደቱን ሳይጠብቁ ሲቀሩ መያዝ ይቻላል፤ ሂደቱን ጠብቀው ከመጡ ግን ይከብዳል። ትምህርቱ ይሄ ነው።

ዛሬስ?

ራንዌዩ በተከፈተበት በ2008 በሲታክ ያለፈው መንገደኛ 32 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ2024 ደግሞ 52.6 ሚሊዮን ሆነ። መሬቱ ግን ያው 2,500 ኤከር ነው። የዴንቨር ኤርፖርት ከ33,000 ኤከር በላይ ነው፤ አወዳድሩት።

ክፍለ ግዛቱ ሌላ ኤርፖርት የሚሠራበት ቦታ ፈልጉ ብሎ በ2019 ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ በ2022 በፒርስና በተርስተን ካውንቲዎች ሦስት ቦታዎችን ጠቆመ። እዚያ ያሉ ሰዎች ተነሱ፣ በየስብሰባው ሞሉ፤ በ2023 ኮሚሽኑ ራሱ ፈረሰ። እነሱ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ያሸነፉት ገና ካርታ ላይ እያለ ስለተነሱ ነው። እነሱ ሲያሸንፉ ግን አውሮፕላኑ አልጠፋም። የት ይሄዳል? እኛ ጋ ይመጣል።

አሁን የቀረበው እቅድ አዲስ ራንዌይ የለውም። 19 በሮች ያሉት ሁለተኛ ተርሚናልን ጨምሮ ከ30 በላይ ፕሮጀክቶች ናቸው። ፖርቱ "መንገደኛው ለማንኛውም ይመጣል፣ እኛ የምንሠራው በሥርዓት እንድናስተናግደው ነው" ይላል። ጎረቤት ከተሞች ደግሞ "በር ከጨመራችሁ በረራ ጨመራችሁ ማለት ነው" ይላሉ። እኛ ከመኪናችን ሆነን ስናየው ሁለቱም እውነት አላቸው። መንገዱ አሁንም በበዓል ሰሞን ይዘጋል። ግን በር ተሠርቶ ባዶውን የሚቀመጥ አይተን አናውቅም።

የእኛ ሌሊት አይቆጠርም

ወደ ራሳችን እንምጣ። በሕጉ መለኪያ የአንድ ሰፈር ድምፅ የሚሰላው በአማካይ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የሚያልፍ አንድ አውሮፕላን እንደ አሥር ይቆጠራል፤ ሰው የሚተኛበት ሰዓት ነው ተብሎ። ጥሩ አሳብ ነው። ግን የማታ ታክሲ ነጂው፣ የሆስፒታል ረዳቷ፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ኤርፖርቱን ራሱን ሌሊት የሚያጸዱት እናቶቻችን የሚተኙት ቀን ነው። በዚያ ሰዓት የሚያልፈው እንደ አንድ ብቻ ይቆጠራል። የእኛ ሌሊት በመለኪያው ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ነገር ቤት ነው። ፖርቱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከ9,000 በላይ ቤቶችን መስኮትና በር ቀይሮ ከድምፅ ተከላክሏል። ብዙ ነው፣ አንክድም። ግን እነዚህ በአብዛኛው የግል ቤቶች ናቸው። አፓርትመንቶችና የእምነት ቤቶች ወረፋው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ የት ነው የሚኖረው? አፓርትመንት። ለአፓርትመንት ደግሞ የሚፈርመው ባለንብረቱ እንጂ ተከራዩ አይደለም።

ጤናም አለ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት በሲታክ የበረራ መስመር ስር ከአውሮፕላን የሚወጣ እጅግ ረቂቅ ብናኝ እንዳለ፣ ከመኪና ጭስም መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። መስኮት ብቻ ቢቀየር የሚያልቅ ነገር አይደለም።

እኛ "ኤርፖርቱ ይዘጋ" አንልም። የምንበላበትን ወጭት አንሰብርም። ኤርፖርቱ ባይኖር ስንቶቻችን ቤት ኪራይ እንከፍል ነበር? ግን ከእሱ ስለምንበላ ዝም እንበል የሚለውንም አንቀበልም። ስሌቱ ውስጥ ሠራተኛም ነን፣ ነዋሪም ነን። ሁለቱም ይቆጠሩልን ነው የምንለው።

አንድ ምሽት በዚህ ጉዳይ የተጠራ ስብሰባ ሄደን ነበር። አዳራሹ ሙሉ ነው። ከእኛ ሰው የነበርነው ሦስት ብቻ፤ ሦስታችንም ሹፌሮች፣ ሦስታችንም ታክሲያችንን ውጭ አቁመን። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። ከፊታችን የተናገሩት አንዲት ነጭ አሮጊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት በደብተር ጽፈው መጥተው ነበር። የዓመታት ደብተር! እኛ የያዝነው ምሬት ብቻ ነበር። ምሬታችንን ተናግረን ወጣን፤ የሳቸው ደብተር ግን መዝገብ ውስጥ ገባ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ድምፅ። ፖርቱን የሚመሩት አምስት ኮሚሽነሮች ናቸው፤ የሚመርጣቸውም የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ ነው። ዜግነት ያገኘን ብዙ ነን። የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ሲመጣ እንሞላለን፤ የኮሚሽነሮቹ ሲመጣ ግን ወረቀቱን ባዶ እንተወዋለን። ፕሬዚዳንቱ መኝታ ቤታችን ላይ አይበርም፤ ይሄኛው ምርጫ ነው የሚበረው።

ሁለተኛ፣ ደብተር። የፖርቱ ድረ ገጽ ላይ የድምፅ ቅሬታ መመዝገቢያ አለ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ልጆቻችሁን አስሞሉ። ቀን የምትተኙ ከሆነ "ቀን ነው የምተኛው" ብላችሁ ጻፉ። ያልተጻፈ እንቅልፍ እንደተተኛ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ አፓርትመንታችሁ በፕሮግራሙ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ጠይቁና ለአከራያችሁ ደብዳቤ ስጡ። አንድ ተከራይ ቢጠይቅ ዝም ይላል፤ ሃያ ቢፈርም ግን ይደውላል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ላላችሁ ኮሚቴዎችም ይኸው ነው።

ሌላ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን "ይሄ የሲያትል ጉዳይ ነው" እንዳትሉ። በለንደን ሂዝሮው አጠገብ ያላችሁ ሦስተኛ ራንዌይ የሚለውን ወሬ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። አገር ቤትም ቢሾፍቱ አጠገብ አራት ራንዌይ ያለው ትልቅ ኤርፖርት ታቅዷል። እንኮራበታለን። ግን ጥያቄው እዚያም ያው ነው፦ የሚነሳው ገበሬ፣ ነገ ከስሩ የሚኖረው ሰው፣ ከመሠራቱ በፊት ተጠይቋል ወይ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ቢዩሪየኖች ጅቡ ሳይሄድ ጮኹ፤ ባያስቆሙትም የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አተረፉ። እኛስ? ሁለተኛው ተርሚናል ገና አልተሠራም።

በሉ፣ የምሽት ፈረቃችን ደርሷል። ሐሳባችሁን ጻፉልን፤ በየሰፈራችሁ ያለውንም ንገሩን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።