ላይብረሪው ወንበር ብቻ አይደለም

ይህ እትም እጃችሁ በሚገባበት ሰሞን በብዙ ቤቶች ሻንጣ እየተዘጋጀ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባው ታውቋል፤ ብርድ ልብሱና አንሶላው ተገዝቷል፤ የሎከር ቁልፉ፣ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ አቅም ለፈቀደለት ደግሞ ላፕቶፑ ተሟልቷል። እናት «ብርድ እንዳይመታሽ» ትላለች፤ አባት «ከማን ጋር እንደምትውል እወቅ» ይላል። ምክሩ ሁሉ መልካም ነው። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ልጃችን ለሚቀጥሉት ዓመታት ረጅም ሰዓት የሚያሳልፍበትን ቤት፣ ማለትም ላይብረሪውን፣ እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚነግረው ሰው የለም።

«ላይብረሪ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል? ገብቶ ማንበብ ነው እንጂ» ትሉ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ተማሪዎች ላይብረሪ ማለት ወንበር፣ ጠረጴዛና መብራት ነው። በጠዋት ሄደው ደብተር አስቀምጠው ቦታ ይይዛሉ፤ የራሳቸውን ሃንድአውት ይዘው ይገባሉ፤ የራሳቸውን ሃንድአውት ይዘው ይወጣሉ። ከጀርባቸው ያለውን መደርደሪያ ሳይነኩ ሴሚስተሩ ያልቃል። ለፈተና ከሆነ ሃንድአውቱ ያሻግር ይሆናል። ከፈተናው በኋላ ያለው ነገር ግን በሃንድአውት አይገፋም።

ሂሳቡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራበት ዓመት ሲደርስ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ «ከዚህ በፊት ስለዚህ ጉዳይ ማን ምን ጻፈ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። መልሱ ያለው ዓመታት ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶት በተቀመጠው መደርደሪያ ላይ ነው። መንገዱን ስለማያውቀው ይደነግጣል። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ግድግዳና ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚለጠፉት ይህ ድንጋጤ ገበያ ስለሆነ ነው። የማርኬቲንግ ሰው በመሆኔ ፍላጎት ባለበት ሻጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከእነዚህ መካከል በእርግጥ የሚያማክሩ አሉ፤ «ማማከር» የሚለው ቃል ጽሑፉን ሠርቶ መስጠት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በዚያን ጊዜ ቤተሰብ «ለሪሰርች ብር ላኩልኝ» የሚል ስልክ ይደወልለታል፤ ለምን እንደሚከፍል ሳያውቅም ይልካል። ከተያዘ ዲግሪው አደጋ ላይ ይወድቃል። ባይያዝም ልጁ ያላወቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ይመረቃል።

ይህ ደግሞ ሥራ ቦታ ላይ ይታያል። አዲስ ተመራቂ ለሥራ ልምምድ ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራው አብዛኛውን ጊዜ መረጃ ማሰባሰብ ነው፤ ገበያው ምን ይመስላል፣ ተወዳዳሪው ምን እያደረገ ነው፣ የታመነው አኃዝ የት ይገኛል? አንዳንዱ ከስልኩ ላይ የመጀመሪያውን ውጤት ገልብጦ ያመጣል። ሌላው ደግሞ «ይህ መረጃ ከየት መጣ? ማን ጻፈው? መቼ?» ብሎ ይጀምራል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ውጤቱ ወይም የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ አይደለም። መፈለግን ለምዶ የመጣና ያልለመደ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይለያሉ።

ቤቱን እናስጎብኛችሁ

የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች በስፋትም በአቅምም ይለያያሉ፤ አሠራራቸው ግን ይመሳሰላል። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ቦርሳ ብዙ ጊዜ ውጪ ይቀመጣል። ከገቡ በኋላ መጽሐፍ የሚወጣበትና የሚመለስበት መስኮት አለ፤ ሰርኩሌሽን ይሉታል። ሪዘርቭ የሚባለው ክፍል መምህራን ለኮርሳቸው ያዘዟቸውና ቅጂያቸው ጥቂት የሆነ መጻሕፍት የሚቀመጡበት ነው፤ ለተወሰነ ሰዓት እዚያው ይነበባሉ እንጂ ወደ ዶርም አይሄዱም። «መጽሐፉ የለም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ተማሪ አንዳንዴ የሚፈልገው መጽሐፍ ሪዘርቭ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሪፈረንስ ክፍሉ መዝገበ ቃላት፣ ኢንሳይክሎፒዲያና የስታቲስቲክስ ጥራዞች ያሉበት ነው። ጋዜጣና ጆርናሎች የራሳቸው ቦታ አላቸው። የቀደሙ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም እንዲሁ።

መጽሐፍ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ብዙውን ተማሪ ግራ ያጋባል። አድራሻ ነው ብላችሁ አስቡት። ቁጥሩ በአኃዝ የሚጀምር ከሆነ በ1876 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ ባሳተመው አሠራር የተደረደረ ነው። ዱዊ እውቀትን ከ000 እስከ 999 በአሥር ትላልቅ ክፍሎች ከፋፈለው። 500ዎቹ ሳይንስ ናቸው፤ 900ዎቹ ታሪክና ጂኦግራፊ። የእኔ ሙያ ማርኬቲንግ 658.8 ላይ ይኖራል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር አንድ በአንድ ነው የሚነበበው። ስለዚህ 658.45 ከ658.8 በፊት ይመጣል፤ አርባ አምስት ከስምንት ይበልጣል ብሎ ወደ ፊት የሄደ መጽሐፉን አያገኘውም። ቁጥሩ በላቲን ፊደላት የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ላይብረሪው የአሜሪካን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሠራር ይከተላል፤ በዚያ አሠራር ማርኬቲንግ ኤች ኤፍ 5415 ላይ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? በሱፐርማርኬት ፓስታው አጠገብ የፓስታ መረቁ የሚደረደረው በአጋጣሚ አይደለም። ላይብረሪም እንዲሁ ነው፤ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ መጻሕፍት ጎረቤታሞች ናቸው። በካታሎግ አንድ መጽሐፍ ያገኘች ልጅ መደርደሪያው ጋ ደርሳ ግራና ቀኝ ብትመለከት ስማቸውን የማታውቃቸውን አምስትና ስድስት ታገኛለች። ፍለጋ የሚባለው ይኸው ነው።

ያልተከፈተ በር በስልክ ውስጥ

ብዙ ተማሪ ጉግል ላይ አንድ ጥሩ ጥናት ያገኝና ለማንበብ ሲሞክር በዶላር ክፈል ይባላል። ይተወዋል። ከመተው በፊት ላይብረሪውን መጠየቅ ነበረበት። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የጤና ጆርናሎች ክፍል ሂናሪ ተጀምሮ በኋላ ግብርናን፣ አካባቢንና ሌሎች ዘርፎችንም አካቷል። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት ከተመዘገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ያገኛሉ። መግቢያው የሚገኘው በተቋሙ በኩል ስለሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለላይብረሪው ባለሙያ ነው።

ከዚህ ሌላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን በኢንተርኔት ማከማቻው አኑሯል፤ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያለ ተማሪም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ተማሪው በሚያውቀው አገርና ችግር ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ከውጭ አገር መጻሕፍት ይልቅ ይቀርቡታል። ከእያንዳንዱ ጥናት መጨረሻ ያለው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ደግሞ ለቀጣዩ ፍለጋ የተዘጋጀ ካርታ ነው።

ስድስት ኪሎ ለሚገቡ ልጆች አንድ ልጨምር። ግቢው ውስጥ በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስም የተሰየመውን ትልቁን ላይብረሪ ሁሉም ያውቀዋል። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሙዚየሙ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የራሱ ቤተ መጻሕፍት እንዳለው ግን ሁሉም ልብ አይልም። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ የብራና ጽሑፎችንና የቆዩ ጋዜጦችን ሲሰበስብ ኖሯል። በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ መጠቀም ሲፈልግ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ የተለመደው መንገድ ነው።

ትልቁ አገልግሎት ሰው ነው

ከመጻሕፍቱም ከኮምፒውተሩም በላይ ጥቅም ላይ የማይውለው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው። ልጆቻችንን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለን አሳድገናቸዋል፤ የላይብረሪው ግድግዳም «ጸጥታ» ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ ልጁ መጠየቅ ያፍራል። «አላውቅም» ማለት እንደ ውርደት ይታየዋል፤ ባለሙያውን ዘበኛ ወይም ዕቃ ጠባቂ አድርጎ ያስበዋል። እነዚህ ሰዎች ግን መረጃ ማደራጀትንና ፍለጋን የተማሩ ናቸው።

አጠያየቅም አለው። «የማርኬቲንግ መጽሐፍ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ባለሙያ መደርደሪያውን ከማሳየት ውጪ ብዙ ሊረዳ አይችልም። «ስለ ቡና ላኪዎች የዋጋ አወጣጥ ልጽፍ ነው፤ እስካሁን ይህንንና ያንን አይቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ የት ልፈልግ?» የሚል ተማሪ ግን ሌላ መልስ ያገኛል። ጥያቄን እንዲህ አድርጎ ማቅረብ በራሱ የጥናቱ ግማሽ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ነገር አልተሟላም። መጻሕፍቱ ያረጁበት፣ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍበት፣ መብራት የሚጠፋበት፣ ለመቶ ተማሪ ሦስት ቅጂ ብቻ ያለበት ላይብረሪ አለ። ባለሙያውም ሁልጊዜ ፈገግታ ላይኖረው ይችላል። ያለው ነገር ጥቂት ሲሆን ደግሞ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ተማሪ ከማያውቀው ይበልጥ ይቀድማል።

ከቤት ምን ማድረግ እንችላለን?

ሻንጣው ከመቆለፉ በፊት ልጃችሁን ይዛችሁ አንድ ቀን ላይብረሪ ዋሉ። አዲስ አበባ ላላችሁ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት አለ፤ ብዙዎቻችን ወመዘክር ብለን የምናውቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም አለ። አንድ ርዕስ ምረጡና መጽሐፉን ልጁ ራሱ ይፈልገው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ አትጠይቁለት።

በስልክ ስትገናኙም «በልተሃል ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ጨምሩ። በመጀመሪያው ወር «ላይብረሪውን ዞረሽ አይተሽዋል? መታወቂያሽ መጽሐፍ ያስወጣል?» በሉ። በሁለተኛው ወር «ምን መጽሐፍ አወጣህ?» በሉ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ «ከላይብረሪው ባለሙያዎች አንዱን በስም ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያወጣውን መጽሐፍ በጊዜው እንዲመልስም አስታውሱት፤ ሲጨርስ ከላይብረሪው ክሊራንስ ሳይፈረምለት ማስረጃውን መውሰድ አይችልም።

የመጨረሻው ዓመት ደርሶ «ለሪሰርች ብር ላኩልኝ» የሚል ስልክ ቢመጣም አትቆጡ፤ ወዲያውም አትላኩ። «ብሩ ለምን ለምን ይውላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለፎቶኮፒ፣ ለኅትመት፣ መጠይቅ ለመበተን ለሚያስፈልግ ትራንስፖርት ከሆነ ደስ ብሏችሁ ላኩ። ለሚጽፍለት ሰው ከሆነ ግን «መጀመሪያ ላይብረሪ ሄደህ ባለሙያውን አነጋግርና ነገ ደውልልኝ» በሉት። ሥራውን ራሱ ቢሠራው ሊዘገይ ይችላል፤ ውጤቱም ዝቅ ሊል ይችላል። ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ግን የሚናገርለት የራሱ ሥራ ይኖረዋል።

መልካም የትምህርት ዘመን ለልጆቻችሁ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።