ድሪል ሲገዙ ባትሪውን ይግዙ



በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንወያየው ስለ መኖሪያ ወረቀት፣ ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ግብርና ስለ ኪራይ ውል ነው። ዛሬ ግን ትንሽ ወደምትመስል፣ ነገር ግን የብዙ ወገኖቻችንን ኪስ በየጊዜው ወደምታራቁት አንዲት ዕቃ ፊታችንን ማዞር ወደድን። ይህችውም በተለምዶ ድሪል የምንላት፣ አገር ቤት ሳለን በየጋራዡ ትራፓኖ ሲሏት የሰማናት፣ ባለ ባትሪዋ መሰርሰሪያ ናት።

«እንዲያው ስለ ድሪል ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ግን ሲታሰብ ቀላል አይደለም። እዚህ አሜሪካ ሱቅ የከፈተ ሰው መደርደሪያ ይሰቅላል፣ የበር ማጠፊያ ያጠብቃል፣ የጥበቃ ካሜራ ያስገባል፣ የዋጋ ሰሌዳ ይለጥፋል። ባለታክሲውም ቢሆን ቤት አለው፤ የልጆች አልጋ ይገጥማል፣ መጋረጃ ይሰቅላል። ለእያንዳንዷ ጥቃቅን ሥራ ጠጋኝ በተጠራ ቁጥር፣ ሥራው አሥር ደቂቃ ቢፈጅም የሚከፈለው ቢያንስ የአንድ ሰዓት ዋጋና የመምጫው ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠራ፣ የተከፈለው ገንዘብ ደህና ድሪል ይገዛ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ይገዛ ወይስ አይገዛ?» ሳይሆን «የትኛው ይገዛ?» የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ በወገኖቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት አካሄድ ይታያል። አንደኛው ወገን ስሙ የማይታወቀውን፣ ከሁሉ የረከሰውን ያነሣል። ሁለተኛው ደግሞ የሕንጻ ተቋራጮች በወገባቸው አንጠልጥለው ያየውን ከባዱንና ውዱን ካልያዘ ዕንቅልፍ አይወስደውም። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ገንዘብ ያባክናሉ። የመጀመሪያው በዓመቱ ሌላ ለመግዛት ይገደዳል፤ ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ የተበጀ መሣሪያ ገዝቶ በዓመት አራት ሰዓት ይሠራበታል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ባለ ባትሪ ድሪል የሚገዛ ሰው በእርግጥ የሚገዛው ድሪሉን ሳይሆን ባትሪውን ነው። ሞተሩ በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ባትሪው ግን ይሠራም አይሠራ ያረጃል። ባትሪው ሲሞት ለብቻው የሚሸጥ ምትክ ካልተገኘ፣ ደህናው ሞተር አብሮት ይቀበራል። በብዙዎቻችን ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጡት አሮጌ ድሪሎች የሞቱት በዚህ በሽታ ነው። እነዚያ በአብዛኛው ኒኬል ካድሚየም የሚባለው ባትሪ ያላቸው ሲሆኑ፣ ሳይሠራባቸው ቢቀመጡም ኃይላቸው ቶሎ ይፈስሳል። የዛሬዎቹ ሊቲየም አዮን ናቸው፤ ቀለል ያሉና ለወራት ቢቀመጡም አብዛኛውን ኃይላቸውን የሚይዙ ናቸው። አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው ከሊቲየም ሌላ መግዛት አያዋጣም።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ ለሌላው አለመግጠሙ ነው። ባለቤታቸው አንድ ሲሆን እንኳ አይገጥሙም። ዲወልት፣ ብላክ ኤንድ ዴከርና ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ክራፍትስማን የአንድ ኩባንያ ንብረቶች ናቸው፤ ነገር ግን የዲወልቱ ባትሪ ለብላክ ኤንድ ዴከሩ አይሆንም። ሚልዎኪና ርዮቢም ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ የሚወጡ ሲሆኑ ባትሪያቸው ለየብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚገዙት ድሪል ነገ የሚገዙትን መጋዝ፣ የእጅ ባትሪና የአቧራ መጥረጊያ ይወስናል። አንድ ቤተሰብ መርጠው እዚያው መቆየት ይበጃል። ለምሳሌ ርዮቢ ባለ 18 ቮልቱን የባትሪ ቅርጽ ከ1996 ጀምሮ ስላልለወጠው፣ የዛሬው ባትሪ ለያኔው መሣሪያ ይሆናል። ይህን ስንል ያን ስም ብቻ ግዙ ለማለት አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ መሆኑን ለማሳየት ነው። «የዚህ ባትሪ ምትክ ከአምስት ዓመት በኋላ ይገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ስለ ቮልትም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በካርቶኑ ላይ 20 ቮልት የተጻፈበት ከባለ 18 የሚበልጥ ይመስላል። ሁለቱ ግን አንድ ናቸው። በውስጣቸው እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት የሆኑ አምስት ሴሎች ተደርድረዋል፤ ሲባዛ 18 ነው። ሃያ የሚባለው ባትሪው ገና ከቻርጀር ሲወጣ ለአፍታ የሚታየው ቁጥር ነው። አንዱ ፋብሪካ ያንኑ መሣሪያ እዚህ 20፣ አውሮፓ ደግሞ 18 ብሎ ይሸጠዋል። ባለ 12 የሚባለውም እንዲሁ ሦስት ሴል ያለው ነው፤ እውነተኛው ቁጥር 10.8 ነው። ስለዚህ ለሁለት ቮልት ልዩነት ተጨማሪ ዶላር የከፈለ ሰው ለካርቶኑ ቀለም ከፈለ ማለት ነው።

ከቮልቱ ይልቅ ማየት የሚገባው አምፒር ሰዓት የሚባለውን ነው። ይህ የባትሪው ጎተራ ስፋት ነው። ለቤትና ለሱቅ ሥራ ከ1.5 እስከ 2 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ይበቃል። ከአንድ ትልቅ ባትሪ ይልቅ ሁለት ትንንሾች ይሻላሉ፤ አንደኛው ሲሠራ ሌላው ቻርጅ ይደረጋል፣ አንደኛው ሲሞትም ሥራው አይቆምም።

በሽያጭ ጊዜ ወገኖቻችንን የሚያሞኝ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ድሪል ዋጋው እጅግ ረክሶ ይታያል፤ ካርቶኑ ሲከፈት ግን ባትሪም ቻርጀርም የለውም። የተሸጠው ባዶ መሣሪያው ነው። ባትሪና ቻርጀር ለብቻ ሲገዙ ዋጋው ከሙሉው ካርቶን ይበልጣል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ከመክፈል በፊት በካርቶኑ ጎን የውስጡን ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። በአሁኑ ጊዜ ከታወቁት ስሞች ባትሪና ቻርጀር ያለው ደህና የቤት ድሪል ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው መካከል ይገኛል። ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ምክንያት ያለው ሱቀኛ ጥቂት ነው። የሦስት ዓመት ዋስትና የሚሰጡ ፋብሪካዎች ስላሉ፣ ዋስትናው የ90 ቀን ብቻ ከሆነ ለምን እንደሆነ ራስን መጠየቅ ይገባል።

ሥራውን ለይቶ ማወቅም ተገቢ ነው። እዚህ አገር አብዛኛው የቤት ግድግዳ ከእንጨት ቋሚና ከጂፕሰም ሰሌዳ የተሠራ ስለሆነ ተራው ድሪል ይበቃል። ግድግዳው ጡብ፣ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ከሆነ ግን እየመታ የሚበሳው ሃመር ድሪልና ለዚያ የተሠራው ፑንታ ያስፈልጋል። በተራ የእንጨት ፑንታ ኮንክሪት መብሳት ፑንታውን ማቃጠል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሶኬት አጠገብ የሚሠራ ሰው ደግሞ ባለ ገመዱን ቢገዛ አይፈረድበትም፤ ዋጋው ይረክሳል፣ የሚሞት ባትሪም የለውም።

ባለታክሲዎች ወንድሞችና እኅቶች ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በድሪል የጎማ ብሎን መፍታትም ሆነ ማጥበቅ አይሞከር። አንድ የቤት ድሪል 300 ኢንች ፓውንድ ኃይል አለው ቢባል፣ በ12 ሲካፈል 25 ፉት ፓውንድ ብቻ ነው። የቶዮታ ካምሪ የጎማ ብሎን የሚጠብቀው በ76 ፉት ፓውንድ ነው። በድሪል ያጠበቀ ሰው ብሎኑ የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ አልጠበቀም፤ ጎማው በአውራ ጎዳና ላይ ሲወልቅ የሚጎዳው ደግሞ ተሳፋሪውም ጭምር ነው። ለጎማ የጎማ መፍቻና ቶርክ ሬንች አሉለት። ባትሪውንም በበጋ ሙቀት በመኪና ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። በክረምትም ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳዋል።

ባለ ሱቆችም ቢሆኑ ከመብሳታቸው በፊት ሦስት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ የኪራይ ውሉ ግድግዳ መብሳት ይፈቅዳል ወይ? የማይፈቅድ ከሆነ መደርደሪያው ነገ ከመያዣው ገንዘብ ላይ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ምንድን ነው? የ25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት አራት ሲደረደር 100 ፓውንድ ነው። ጂፕሰም ሰሌዳ ብቻውን ይህን አይችልም፤ ብሎኑ የእንጨት ቋሚውን ማግኘት አለበት። ቋሚዎቹ በአብዛኛው በየ16 ኢንቹ ስለሚገኙ፣ በርካሽ መፈለጊያ ማግኘት ይቻላል። መደርደሪያው ደንበኛ ላይ ከወደቀ የሚመጣው የክስ ወረቀት ከማናቸውም ድሪል ይከብዳል። ሦስተኛ፣ ቤቱ መቼ ተሠራ? ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ሲበሳ የሚነሣው አቧራ ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ፣ ልጆችን ማራቅና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እነዚህን ሦስቱን ያልጠየቀ ሰው ኋላ ይለቅማል።

ስለ ግብርም ጥቂት እንበል። ለሱቁ ሥራ የተገዛ ድሪል የንግድ ወጪ ነው። በአይ.አር.ኤስ. ደንብ 200 ዶላርና ከዚያ በታች ዋጋ ያለው መሣሪያ እንደ አቅርቦት ዕቃ ስለሚቆጠር፣ በየዓመቱ ማከፋፈል ሳያስፈልግ ሊወራረድ ይችላል። ነገር ግን ድሪሉ ግማሹን ጊዜ ቤት የሚሠራ ከሆነ የሚወራረደው የንግዱ ድርሻ ብቻ ነው። ወጪያቸውን በማይል ሒሳብ የሚያወራርዱ ባለታክሲዎች ደግሞ የመኪና ጥገና በማይሉ ውስጥ ስለተካተተ፣ ድሪሉን በጥገና ስም ሁለተኛ ጊዜ ማስገባት አይችሉም። ደረሰኙን ግን ሁላችንም እንያዝ፤ ለግብሩም ለዋስትናውም ያገለግላል።

ወደ አገር ቤት ለዘመድ ድሪል የሚልኩም ብዙዎች ናቸው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንድ የእንጨት ሠራተኛ ወንድም በዚህ እንጀራውን ያበስልበታል። ይሁን እንጂ እዚህ የሚሸጠው ቻርጀር በአብዛኛው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። ኢትዮጵያ የኤሌክትሪኩ ኃይል 220 ቮልት ስለሆነ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ሊቃጠል ይችላል። ከቻርጀሩ ጀርባ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልተጻፈበት አይላክ። ለዚህ ጉዳይ አውሮፓ ወይም ዱባይ ያሉ ዘመዶች ቢገዙት ይሻላል፤ ኃይሉ ከአገር ቤቱ ጋር ስለሚቀራረብ የሶኬቱን ጥርስ ብቻ ማስተካከል ነው። አገር ቤት ብሎኬትና ኮንክሪት ስለሚበዛም ሃመር ድሪል ይመረጣል። ስንጓዝም ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ መክተት የተከለከለ ነው፤ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው መሄድ አለበት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል። ባለ 18 ቮልቱ ከ2 አምፒር ሰዓት ጋር ሲባዛ 36 ብቻ ስለሆነ ችግር የለበትም። ራሱ ድሪሉ ግን ተሳፋሪዎች ወደሚቀመጡበት ስለማይገባ በትልቁ ሻንጣ ይሄዳል።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በአንድ ሕንጻ ወይም በአንድ መንገድ ላይ አራትና አምስት የወገኖቻችን ሱቆች ተደርድረው ሲገኙ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ርካሽ ድሪል ገዝቶ ሲጥል ማየት ያሳዝናል። ዕቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን። አምስቱ አንድ የባትሪ ቤተሰብ ቢመርጡ፣ አንዱ ድሪሉን፣ ሌላው ሃመሩን፣ ሌላው መጋዙን ቢገዛ፣ ባትሪው ለሁሉም ይሆናል። ዕቃ መዋዋስ ጠብ ያመጣል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ማን ምን እንደወሰደ የሚጻፍበት አንድ ደብተርና የሰበረ ይተካል የሚል ስምምነት ይበቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለመደርደሪያም ይሠራል።

ለማጠቃለል፣ የታወቀ ስም ያለው፣ ሊቲየም የሆነ፣ ሁለት ትንንሽ ባትሪና ቻርጀር በካርቶኑ ውስጥ ያለው፣ ምትክ ባትሪው በቅርብ የሚገኝ፣ ዋስትናውም ከዓመት የሚያልፍ ድሪል ይምረጡ። በየገበያው በግማሽ ዋጋ የሚሸጡትን ስም የለሽ ምትክ ባትሪዎች ይሽሹ፤ በደንብ ያልተሠራ ሊቲየም እሳት ያስነሣል፣ የሚቃጠለውም ሱቁ ነው። ያረጀውንም ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉ፤ ሆም ዲፖና ሎውስ መሰብሰቢያ ሣጥን አላቸው። ለፍተን ያገኘናት ዶላር በቦታዋ ትዋል።