ለፍሳሽ ቱቦ ያልወጣ ገንዘብ

አንድ ሰው ቤት ሲሠራም ሆነ ሲያሳድስ ገንዘቡን በቅድሚያ የሚያውለው ለዓይን በሚታየው ነገር ላይ ነው። ቆርቆሮው ይቀየራል፤ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፤ የግቢው በር በላሜራ ይሠራል። ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ ቱቦ ግን ሽታው እንግዳ እስኪያባርር ድረስ መኖሩም ትዝ አይለንም። ትዝ ባለን ጊዜ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛው የሚጠራው ሒሳብ ያስደነግጠንና «ለጊዜው በሽቦ ይጠረግ» ብለን እናሰናብተዋለን። በዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ይህን «ለጊዜው» የተባለውን ነገር ልናነሣ ወደናል።

በመጀመሪያ አስደንጋጭ የተባለው ወጪ ከምን ከምን እንደሚሰበሰብ መመልከት ያሻል። የዕቃ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት በሚለዋወጥበት ጊዜ በብር ከመናገር በልክ መናገር ይሻላል። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ፍሳሽ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ 18 ሜትር ርቀት ያለውን ግቢ እንውሰድ። ለዚህ የሚያስፈልገው ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ አንዱ 6 ሜትር ስለሆነ፣ ሦስት ብቻ ነው። ቱቦው በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ ስላለበት ከመነሻው እስከ መድረሻው 36 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቤቱ ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ቢጀምርና ከታቹ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ቢነጠፍለት፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር የሆነው ቦይ በጠቅላላው ስድስት ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይወጣዋል። አሸዋው ለንጣፉ ብቻ አንድ ሜትር ኩብ ይጠጋል። በዚህ ላይ ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ ክዳን ያላቸው ሁለት የፍተሻ ጉድጓዶች መገንባት አለባቸው።

እንግዲህ ሒሳቡን በትዕግሥት የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ሳይገነዘብ አይቀርም። ገንዘቡ የሚሄደው ለቱቦው ሳይሆን ቱቦውን ለመድረስ ነው። ሊሾው ይሰበራል፤ ሴራሚክ የለበሰው የመታጠቢያ ቤት ወለል ይነሣል፤ አፈሩ ይቆፈራል፤ ተመልሶም ይሞላል፤ በመጨረሻም የፈረሰው ሁሉ እንደነበረ ይመለሳል። ቁፋሮው አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ቀጭን ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ መርጦ መቅበር ያተረፉ መስሎ መክሰር የምንለው ለዚህ ነው። በአግባቡ የተቀበረ ደህና ቱቦ ግማሽ ምዕተ ዓመት እንዲያገለግል ይጠበቃል፤ ስንጥቁ ግን ያንኑ ስድስት ሜትር ኩብ አፈር እንደገና ያስቆፍራል።

እርግጥ ነው፣ የዕቃውም ዋጋ ቀላል አይደለም። በአገር ውስጥ የሚመረተው የፒቪሲ ቱቦ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጫናው ከቧንቧ መሸጫ ሱቅ ደርሷል። ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ይህን ሸክም የሚሸሸው ንጽሕና ጠልቶ አለመሆኑን አንስተውም።

የአሮጌ ቤቶች ቱቦ ለምን ይበላሻል? ብዙዎቹ የተሠሩት ከሸክላ ወይም ከሲሚንቶ ሲሆን በአጫጭር ቁራጭ እየተገጣጠሙ በሲሚንቶ የተመረጉ ናቸው። መሬቱ፣ በተለይም ዋልካው፣ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ መጋጠሚያው ይላቀቃል። ያቺን እርጥበት ደግሞ የባሕር ዛፍና የሾላ ሥር ፈልጎ ያገኛታል። እንደ ፀጉር ቀጥኖ ገብቶ እንደ ጥጥ ባዘቶ ይሞላዋል። የቡናው አተላ፣ የሊጡ እጣቢ፣ የወጡ ቅባት በዚያ ላይ ሲያርፍ ቱቦው ይዘጋል። በሽቦ ሲጠረግ የተቆረጠው ሥር ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ ያቆጠቁጣል። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ጠራጊ የሚጠራ ቤት የአዲስ ቱቦ ዋጋ በቁርጥራጭ እየከፈለ መሆኑን ልብ ቢል መልካም ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ነዋሪ በሌሊት ቆፍሮ የግቢውን ፍሳሽ በመንገድ ዳር ወዳለው የዝናብ ውኃ ቦይ ያገናኘዋል። የእርሱ ግቢ በዚያው ሌሊት ይደርቃል፤ ሽታውም ይጠፋል። ታች ሰፈር ያለው ጎረቤት ግን ልጆቹን በቦዩ ዳር ያሳድጋል። ሰውየው ወጪውን አላስቀረም፤ ለማያውቀው ሰው አስተላለፈው እንጂ።

ይህ ወጪ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ፣ በታሪክ የተመዘገበ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በተባለ መንገድ አካባቢ የተነሣው ኮሌራ 616 ሰዎችን ገደለ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው ከአንድ የሕዝብ የውኃ ጉድጓድ የመጣ መሆኑን ከሟቾቹ መኖሪያ ተነሥቶ አመለከተ። በኋላም ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለው የአካባቢው ቄስ እየዞረ ሲጠይቅ በቤት ቁጥር 40 አንዲት እናት የታመመ ሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ ወደ ቤቱ ፍሳሽ ጉድጓድ ትደፋ እንደነበር አወቀ። ቦታው ተቆፍሮ ሲታይ የቤቱ ፍሳሽ መውረጃና የማጠራቀሚያው ጡቦች ማያያዣቸው አልቆ ተላቀው ተገኙ። ከዚያ እስከ ውኃው ጉድጓድ የነበረው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። የአንድ ቤት ፍሳሽ መስመር በጊዜው ሳይታደስ ቀረ፤ ሰፈሩ በሙሉ ዋጋውን ከፈለ።

ይህ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ወሬ ነው የሚለን ቢኖር በአገራችን ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በባሌ ዞን ታይቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተውን የኮሌራ ወረርሽኝ እናስታውሰዋለን። ውኃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ከተሞች ደግሞ ልዩ አደጋ አለ። የውኃው ግፊት ሲቋረጥ ባዶው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ በስንጥቁ በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። በአንድ ቦይ ውስጥ ከሚያፈስ የፍሳሽ ቱቦ ጋር አብሮ የተቀበረ ከሆነ የሚስበው ምን እንደሆነ መናገር አያሻም። ውኃው በተለቀቀ ማግስት መጀመሪያ የሚቀዳው ደፍርሶ የሚሸት ከሆነ ጥርጣሬው ከዚህ መጀመር አለበት። ስለዚህም ሁለቱ መስመሮች በተለያየ ቦይ፣ ቢቻል በሦስት ሜትር ተራርቀው፣ ካልተቻለም የመጠጥ ውኃው ከላይ ሆኖ መቀበር ይኖርባቸዋል።

ይህን ጉዳይ ለሠራዊቱ አባላት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። መጸዳጃ ከውኃ መቅጃው ራቅ ብሎ፣ ከነፋሱም ከቁልቁለቱም በታች እንደሚቆፈር ሰፈር ያደረ ወታደር ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቦር ጦርነት ከብሪታንያ ጦር በጥይት ከወደቁት ይልቅ በበሽታ፣ ይልቁንም በታይፎይድ፣ የሞቱት ይበልጡ ነበር። ነገር ግን ከሰፈር ውጪ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ወታደር የዚህ ዕውቀት ተጠቃሚ ሲሆን አይታይም። አቤቱታው ሳይሰማ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ተተኪው ተከራይም ያንኑ ሽታ ይወርሳል።

የአከራይና የተከራይን ክርክር በተመለከተ መንገዱ የጠፋ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቃቅኑን ጥገና ለተከራዩ ትቶ ቤቱ ለመኖሪያ ብቁ ሆኖ እንዲቆይ የሚያስፈልገውን ዕድሳት በአከራዩ ላይ ይጥላል። ከመሬት በታች ያለ መስመር መለወጥ ጥቃቅን ጥገና ነው ብሎ የሚከራከር አከራይ አይጠፋም፤ እኛ ግን አይመስለንም። ተከራዩም በበኩሉ ጨርቅና ላባ በመጸዳጃው እየለቀቀ ቱቦው ተዘጋብኝ ማለት አይገባውም።

አስቸጋሪው የቀበሌ ቤት ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ከሆነበት ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ የተያዙት ቤቶች ኪራያቸው በጣም አነስተኛ ሆኖ ኖሯል። ለድኻው ትልቅ እፎይታ መሆኑን አንክድም። ሆኖም በዚያ ኪራይ ቱቦ አይለወጥም። ነዋሪው ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል፤ ባለቤቱ በጀት የለኝም ይላል፤ አንድ መጸዳጃ የሚጋሩት አምስትና ስድስት ቤተሰቦች በመካከል ይቀራሉ።

እኛ የሚታየን መፍትሔ ይህ ነው። በአንድ መደዳ ያሉ ቤቶች ለየብቻቸው ከሚቆፍሩ አንድ ዋና መስመር በጋራ ቢያስቀብሩ የቁፋሮው ወጪ ይከፋፈላል። ለሐዘን ድንኳን የሚገዛ ዕድር ለቱቦ መግዣ የሚሆን ዕቁብ ማቋቋም አይሳነውም። ቁፋሮውንም ቢሆን ምሽግ ሲቆፍር የኖረ ክንድ በሞላበት ከተማ ባለሙያ ጠፋ ማለት ያሳፍራል። የከተማው የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት በፊናው መሐንዲስ ልኮ ዝቅዝቃቱን ያለ ክፍያ ቢለካ፣ የቱቦውንም ዋጋ ከወርኃዊ የውኃ ሒሳብ ጋር በየጥቂቱ ቢቀበል፣ በሌሊት ወደ ዝናብ ቦይ የሚቆፍረው ሰው ቁጥር ይቀንሳል ብለን እናምናለን። በቀበሌ ቤቶች ረገድ ግን ወጪው ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ፣ ማለትም የመንግሥት፣ መሆን አለበት።

ሥራው ከሰኔ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል። መሬቱ ውኃ ከጠጣ በኋላ የቦዩ ግድግዳ ይናዳል፤ የተነጠፈውም አሸዋ ይታጠባል። ቱቦው ተገጥሞ ሲያልቅ አፈር ከመልበሱ በፊት የታችኛው አፉ ተደፍኖ ውኃ ይሞላ፤ የውኃው ልክም ምልክት ተደርጎበት ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ውኃው ከምልክቱ ከወረደ መጋጠሚያው ያፈስሳል ማለት ነው። የሠራተኛው የመጨረሻ ክፍያ ከዚህ ፍተሻ በኋላ ይሁን።