«ውረጂ!» ከማለታችን በፊት

በብዙዎቻችን ቤት አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ አይጠፋም። ሶፋ ላይ ይዘላል፣ በግቢው በር ይንጠላጠላል፣ የውኃው በርሜል ላይ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ የሚሰማውም «ተው! ትወድቃለህ! ውረድ!» የሚለውን ቃል ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ «ሴት ልጅ እንዲህ አትዘልም» ይጨመርባታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ረባሽ ብለን ስም እናወጣለታለን። ብዙ ጊዜ ግን ጉልበቱና ጉጉቱ ቤቱ ስለጠበበው ነው።

የከተማ ልጅ በጠባብ ግቢ ወይም በኮንዶሚኒየም ያድጋል፤ መንገዱም መኪና ይበዛበታል። በጉለሌና በአካባቢው ለምንኖር ግን ተራራው ቅርባችን ነው። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። ባሕር ዛፍ በሞላበት በዚህ ተራራ ላይ እንደ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎች እንዲመለሱ ይሠራበታል። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ። በፓርኩ የሚከፈልባቸው መጫወቻዎች ቢኖሩም ለትንሽ ልጅ ዳገት፣ ድንጋይና የወደቀ ግንድ ይበቃዋል።

ባልና ሚስት ግን ከቤት ሳይወጡ መስማማት አለባቸው። ልጁ ድንጋይ ላይ ሳለ አባት «ቀጥል» እናት «ውረድ» ቢሉት የማንን ይስማ? ሲደናገር ነው እግሩ የሚስተው። እኔና ባለቤቴ የተስማማንባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ልጃችን ከእኔ ትከሻ ከፍታ በላይ አትወጣም። ሁለተኛ፣ «ቁሚ» ስትባል ወዲያው ትቆማለች፤ ይህን በጨዋታ መልክ ቤት ውስጥ ደጋግመን አለማምደናታል። ሦስተኛ፣ ራሷ ያልወጣችበት ቦታ ላይ አንሥተን አናስቀምጣትም፤ በራሱ እግር የወጣ ልጅ የሚወርድበትንም መንገድ ያውቃልና። አራተኛ፣ እርሷ በምትወጣበት ጊዜ የሚናገረው አንዳችን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ የአምስት ዓመቷ ልጃችን ተራራው ላይ ካገኘችው ትልቅ ድንጋይ አጋማሽ ደርሳ ቀረች። ወደ ታች ስታይ ፈራች። «አባዬ፣ አውርደኝ!» አለች። ባለቤቴ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ ለእናት ይህ ቀላል አይደለም። እኔ ከሥር ቆሜ እጄን ዘረጋሁ እንጂ አላነሣኋትም። «አለሁልሽ። ግራ እግርሽን ወደ ታች፤ አዎ፣ እዚያች ላይ። አሁን ቀኙን» አልኋት። መሬት ስትረግጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት ቆይታ «እማዬ፣ ብቻዬን ወረድኩ!» አለችና ተመልሳ ወጣች።

ልጅ ድፍረትን ከፍርሃት ጋር የሚማረው እንዲህ ነው። ብቻውን የተለቀቀ ልጅ ይጎዳል፤ ሁልጊዜ የሚታቀፍ ደግሞ በራሱ ላይ እምነት ያጣል። የሚያስፈልገው ከሥሩ የሚቆምለት ወላጅ ነው።

ለጉዞው ጥቂት ነገር ልብ በሉ። የእንጦጦ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሕፃናት ቶሎ ይደክማሉ፤ እያሳረፋችሁ ውሰዷቸው። ሹራብ፣ ውኃ፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅርንጫፍ አይታመንም፤ በክረምት ድንጋዩ ያዳልጣል። ሳማን ደግሞ ሳይነካው በፊት በጣታችሁ አሳዩት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጊዜ ማግኘቱ ነው። ቅዳሜ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የመዘምራን ልምምድና ስብሰባ አለ። እሑድም በአገልግሎት ያልፋል። በተለይ እኛ አባቶች ለሰው ሁሉ ደርሰን ለልጃችን ሳንደርስ እንመሻለን። አገልግሎት መልካም ነው። ነገር ግን ልጃችን ቤተ ክርስቲያንን አባቱን የምትወስድበት ቦታ አድርጎ እያሰበ እንዳያድግ እንጠንቀቅ። በወር አንድ የቅዳሜ ጠዋት ለቤተሰብ ብትለዩ፣ ስልኩም ከኪስ ባይወጣ፣ ሌላው ጉዳይ ለግማሽ ቀን ይጠብቃል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ይሆናል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ማታ ልጆች ሲተኙ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፦ ልጃችንን በቀን ስንት ጊዜ «ተው» እንለዋለን? ስንት ጊዜስ «ሞክር፣ አለሁልህ» እንለዋለን? በዚህ ወር የትኛው ቅዳሜ የእርሱ ይሁን? መልሱን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ጻፉት፤ ልጁም ያጻጻፋችሁን ቆሞ ይይ።