የምታልበዋን ቤት ትታችሁ ስልጠና አትሂዱ

እኩዮቼ፣ የደብረ ብርሃንና የዙሪያዋ ላም አርቢዎች፣ ስጋቴን ልንገራችሁ። የፈረንጅ ዲቃላ ላም በየበረታችን ገብታለች፤ አያያዟ ግን ገና እጃችን አልገባም። ከአባቶቻችን የወረስነው ሙያ የሀበሻ ላም ሙያ ነው። እሷ በጭድና በግጦሽ ከርማ፣ ብርዱን ችላ ትኖራለች። ዲቃላዋ ችግር አትችልም፤ ስናጎድልባት ትታመማለች፣ ትመክናለች።

ስልጠና ሲጠራ የምንሄደው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። አዳምጠን፣ አበላችንን ተቀብለን እንመለሳለን። በየቤታችን በረት የምትጠርገው፣ የምታልበው፣ ጥጃ የምታጠባው ግን ሚስታችን ወይም ምራታችን ናት። የሰማነውን ስንቶቻችን ነገርናት?

የጡት በሽታ በአላቢ እጅ ከአንዷ ላም ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ደግሞም ላሟ እንደታለበች ከተኛች፣ የጡቷ ቀዳዳ ገና ስላልተዘጋ በሽታው ከበረቱ እበት ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንድትቆም መኖዋን ከታለበች በኋላ መስጠት ይበቃ ነበር። ይህን ማወቅ ያለባት አላቢዋ ናት፤ እኛ በዚያ ሰዓት በረት ውስጥ የለንም።

ላሟ ኮርማ ስትፈልግም ቀድማ የምታየው አላቢዋ ናት። የኮርማው ዘር ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ተጠብቆ ይመጣል፤ ጠዋት ምልክት ያሳየች ላም ወደ ማታ ካልተዳቀለች ግን ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሌላ 21 ቀን እየቀለብን እንጠብቃለን። እንገርም እንዲሁ ነው፤ ጥጃው እንደተወለደ ቶሎ፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልጠባው በሽታ የሚከላከልበት በቂ አቅም አያገኝም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በወተቱ ሰው መጉዳታችን ነው። የሻገተ የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለበት። ላሟ ስትበላው በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ብናፈላውም አይጠፋም። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰበ ወተት ሲመረመር ተገኝቶበታል፤ ዋናው ምንጭም ይኸው ፋጉሎ ነበር። ጉበት የሚያጠቃ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። እኛ ግን ፋጉሎውን እርጥብ መሬት ላይ እንከምራለን፤ ሲሻግት ለመጣል ገንዘቡ ያሳዝነናል። መርፌ የተወጋች ላም ወተት የእንስሳት ሐኪሙ የከለከለው ቀን ሳያልፍ የሚሸጥም በመካከላችን አለ። ይህ ነውር ነው፤ በሕፃናት ላይ የሚሠራ ኃጢአት ነው። በወተት የሚተላለፈውን የከብት ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ማፍላት የሚከላከለው ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም ለልጅ ልጆቻችን ጥሬውን እንሰጣለን።

የግብርና ባለሙያዎቹንም አደራ እላለሁ፦ ስልጠናውን ከአዳራሽ አውጥታችሁ በረት ውስጥ አድርጉት፤ ሰዓቱም በጠዋቱና በማታው አለባ መካከል ይሁን። እናንተም ወንድሞቼ፣ ቀበሌው ለሚቀጥለው ስልጠና ስም ሲመዘግብ የራሳችሁን ትታችሁ የአላቢዋን ስም አስመዝግቡ።