በክረምት የሚዘጋ ደብተር

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ ከመንገዱ ዳር ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ውኃ የመዲናይቱን ነዋሪ ከማጠጣቱም ሌላ የበርካታ የውኃ አዕዋፍ መኖሪያ ነው። አዕዋፍን ለመመልከት የሚመጣ ሰው ቦታውን የሚጎበኘው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለበት፣ ምድሩ የደረቀበት፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱት አዕዋፍም የሚገኙበት ወቅት ነውና። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተከታተልኩት አንድ የዝይ ቤተሰብ ግን ይህን ልማዴን እንድጠራጠረው አድርጎኛል።

ዝይዎቹ «የግብፅ ዝይ» በመባል የሚታወቁት ናቸው። ስማቸው የግብፅ ይሁን እንጂ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው ተሠራጭተው ይኖራሉ፤ በአገራችን ሐይቆችና ግድቦች ዳርም የተለመዱ ናቸው። በዐይናቸው ዙሪያ ያለው ቡናማ ቀለምና ሲበሩ ጎልቶ የሚታየው የክንፋቸው ነጭ ክፍል ለመለየት ያስችላል። ተባዕቱና እንስቷ ተጣምረው ለረጅም ጊዜ አብረው ይቆያሉ። እንቁላሎቹን ከ28 እስከ 30 ለሚሆኑ ቀናት የምትታቀፈው እናቲቱ ስትሆን ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ግን ሁለቱም ወላጆች ይጠብቋቸዋል። ጫጩቶቹ ወዲያውኑ መራመድ፣ መዋኘትና ራሳቸውን ችለው ሣር መንጨት ይችላሉ፤ ለመብረር ግን 10 ሳምንታት ያህል ያስፈልጓቸዋል። እንግዲህ በሰኔ ወር የተፈለፈለች ጫጩት ክንፏ እስኪጠነክር ድረስ ሐምሌንና ነሐሴን በምድርና በውኃ ላይ ማሳለፍ አለባት ማለት ነው።

ያን ሰሞን የጻፍኩትን ማስታወሻ እንዳለ ላቅርበው። ሰኔ 20፦ ሰባት ጫጩቶች። ሰኔ 27፦ ሰባት። ሐምሌ 3፦ ከባድ ዝናብ ስለሆነ አልሄድኩም። ሐምሌ 6፦ ካፊያና ጭጋግ፤ አልሄድኩም። ሐምሌ 10፦ አምስት።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ሁለቱ ጫጩቶች የጠፉት ደብተሬ ባዶ በነበረባቸው ቀናት ነው። መቼና በምን እንደጠፉ ሊነግረኝ የሚችለው ምልከታ፣ እኔ በቤቴ ተቀምጬ ሻይ በምጠጣበት ጊዜ ሊደረግ ይገባው የነበረው ምልከታ ነበር።

ሐምሌ 13 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በረዶ ያዘኝ። በቦታው የቆየሁት ለመሸሽ ጊዜ በማጣቴ እንጂ በድፍረት አልነበረም። በአቅራቢያው ከብት ይጠብቅ የነበረ የ12 ዓመት ያህል ልጅ «ጋሼ፣ እዚህ ይግቡ» ብሎ የላስቲኩን ጫፍ ዘረጋልኝ፤ አብረን ተጠለልን። ከላስቲኩ ሥር ሆነን ያየነው እንዲህ ነበር። እናቲቱ መጋጡን አቁማ በሣሩ ላይ ተንበረከከችና ክንፎቿን በትንሹ ከፈት አደረገች። አምስቱ ጫጩቶች ተራ በተራ እየተሽሎከሎኩ ከሥሯ ገቡ። አባትየው ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ቆመ። ወፎች በዐውሎ ነፋስ ጊዜ እንዲህ የሚቆሙበት ምክንያት አላቸው፤ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ላባቸውን አስተኝቶ ያልፋል፤ ከኋላ ሲመጣ ግን ላባውን ገልጦ ቅዝቃዜውን ወደ ቆዳቸው ያስገባል። በረዶው 20 ደቂቃ ያህል ወርዶ ሲያባራ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነበር። እናቲቱ ተነሣች፤ ከሥሯም አምስት ጫጩቶች ወጡ። አንድም አልጎደለም።

እዚህ ላይ የነገሩን ሳይንስ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። በረዶ የሚፈጠረው በነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚምዘገዘገው አየር የውኃ ነጠብጣቦችን እጅግ ቀዝቃዛ ወደ ሆነ ከፍታ ይወስዳቸዋል፤ እዚያም በበረዶው ፍሬ ላይ እየተጣበቁ ይረጋሉ፤ ፍሬው አየሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲከብድም ይወድቃል። እንደ ገፈርሳ ባለ ደጋ ምድር መሬቱ ለቀዝቃዛው የአየር ንብርብር ስለሚቀርብ በረዶው ሳይቀልጥ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የትልቅ ዝይ ውጫዊ ላባ በጥቃቅን ቆልማማ መያዣዎች እርስ በርሱ ተያይዞ ውኃ የማያስገባ ሽፋን ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ላባም አየር ይዞ ሙቀትን ያቆያል። ጫጩት ግን ይህ ውጫዊ ሽፋን የላትም። ለስላሳው ላባዋ ከራሰ አየሩ በውኃ ይተካል፤ ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእናቷ ክንፍ ሥር መግባት ለጫጩቷ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

በረዶው ካቆመ በኋላ ልጁን ስለ ጠፉት ጫጩቶች ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እኮ ዘጠኝ ነበሩ» አለኝ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረውን መናገሩ ነው። ቀጥሎም «እርስዎ ከቀሩ ወዲህ አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። አንዷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያካፋ ከርሞ ጠዋት ደርቃ አገኘኋት» አለ። እኔ ደብተርና የሩቅ መነጽር ይዤ ያላወቅሁትን እርሱ ላስቲክ ለብሶ በዝናቡ ውስጥ በመቆየቱ ብቻ ዐውቆታል።

የልጁን ቃል ከራሴ ምልከታ ጋር ሳነጻጽር አንድ ጥያቄ ተፈጠረብኝ። እኔ የፈራሁት በረዶውን ነበር፤ አስፈሪም ነበርና። ጫጩቷን የገደላት ግን ማንም ቆሞ የማያየው ዝምተኛ ካፊያ ሳይሆን አልቀረም። በረዶው በ20 ደቂቃ አለፈ፤ ጫጩቶቹም ተመልሰው ወደ ሣራቸው ሄዱ። ሁለት ቀን የሚቆይ ካፊያ ግን ከባድ ምርጫ ያስከትላል። ከክንፍ ሥር የገባች ጫጩት ትሞቃለች፤ ነገር ግን አትበላም። ለመብላት የወጣች ጫጩት ትጠግባለች፤ ነገር ግን ትርሳለች። በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ለማጠቃለያ አይበቃም፤ ጥያቄን በትክክል ለማንሣት ግን ይበቃል። ይህን ጥያቄ በጥር ወር ፀሐይ ላይ ቆሞ ማንሣት አይቻልም።

የጽሑፌ ዋና አሳብም ይኸው ነው። ስለ አዕዋፋችን ያለን መረጃ በብዛት የተሰበሰበው በበጋ ነው። ዓለም አቀፉ የውኃ አዕዋፍ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ሲሆን ዋነኛው ቆጠራ የሚካሄደው በጃንዋሪ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተሳተፈበት ይህ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ቆጠራው የሚነግረን ስንት ወፎች እንዳሉ ነው፤ ስንቶቹ ተፈልፍለው ስንቶቹ እንደሞቱ አይነግረንም፤ ለዚህ ዓላማም አልተዘጋጀም። በጥር ወር አንድ ጥንድ ዝይ ከሁለት ልጆች ጋር ብናይ ሁለት ተፈልፍለው ሁለቱም ድነዋል ልንል እንችላለን፤ ስምንት ተፈልፍለው ስድስቱ አልቀዋልም ልንል እንችላለን። በመጀመሪያው ሁኔታ መጠበቅ ያለበት መክተቻው ነው፤ በሁለተኛው ግን ጫጩቶቹ የሚግጡበትና የሚጠለሉበት ዳርቻ ነው። በከተማ መስፋፋት ምክንያት ረግረጋማ መሬቶቻችን በሚጠቡበት በዚህ ዘመን የትኛውን መሬት ማትረፍ እንዳለብን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

የሌሎችን ልምድ ብንመለከት በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ ላይ ስዋን የሚባሉት፣ ረጅም አንገት ያላቸው ነጭ የዝይ ዘመዶች በየዓመቱ በጁላይ ወር ከነጫጩቶቻቸው ይቆጠራሉ። ሥርዓቱ መነሻው የንጉሥ የባለቤትነት መብት ሲሆን፣ ዛሬ የጫጩቶቹ ብዛትና ጤንነት የሚመረመርበት ሆኗል። በኦክስፎርድ አቅራቢያ በሚገኘው የዋይታም ጫካ ደግሞ ዴቪድ ላክ እ.ኤ.አ. በ1947 በትንንሽ ወፎች ጎጆ ላይ የጀመረው ክትትል እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ያን ጊዜ የክትትሉ ዓላማ የአየር ንብረት ለውጥን ማጥናት አልነበረም፤ ሆኖም ወፎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደፊት መምጣቱ የታወቀው በዚያ መዝገብ ነው። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ መሣሪያ ሳይታክቱ ተመላልሰው መጻፋቸው ነበር።

«ሰው በጎርፍ በሚጎዳበት አገር ስለ ዝይ ጫጩት መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል ወገን ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ጎርፍንም፣ የሰብል በሽታንም፣ የወባ ትንኝንም ለማጥናት የሚያስፈልገው ልማድ ያው ነው፤ ነገሩ በሚከሠትበት ጊዜና ቦታ መገኘት። በዝናብ ጊዜ ደብተሩን የሚያጥፍ ተማሪ ነገ ባለሙያ ሲሆንም የሚያጥፈው ይመስለኛል።

ለዚህ ልማድ እንቅፋት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የትምህርት ዘመናችን አቆጣጠር ነው። ምድራችን እጅግ በምትለመልምበትና ብዙ ፍጥረት በሚራባበት ወቅት ትምህርት ቤቶቻችን ይዘጋሉ። በበኩሌ ግን ይህ እንቅፋት ወደ ዕድል ሊለወጥ ይችላል እላለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ተማሪው ያለው በየቀዬው ነው፤ በጣና፣ በሐይቅ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞ፣ ወይም ስም በሌለው ኩሬ ዳር። የሳይንስ መምህራን ለክረምቱ አንድ ደብተርና አንድ ጥያቄ ሰጥተው ቢያሰናብቷቸው፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በመስከረም ደብተሮቹን ሰብስበው ቢያጠናቅሩ፣ ማንም ተመራማሪ ብቻውን ሊያገኘው የማይችለው መረጃ በእጃችን ይገባል።

ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ቦታና አንድ ሰዓት መምረጥ፤ ወላጆቹንና ጫጩቶቹን ለየብቻ መቁጠር፤ ዝናቡን «የለም፣ ካፊያ፣ ከባድ፣ በረዶ» ብሎ መመዝገብ፤ ምንም ባይታይ እንኳ «ምንም» ብሎ መጻፍ፤ ያልተሄደበትን ቀንም ሳይደብቁ ማስፈር ነው። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ቤተሰቡ አለመጠጋት ነው፤ በእኛ ምክንያት የተነሣች እናት ጫጩቶቿን ለዝናብ ታጋልጣለችና። ሁለተኛው፣ መብረቅ ባለበት ጊዜ ምልከታውን ትቶ ወደ ቤት መግባት ነው፤ ብቸኛ ዛፍ ሥርም ፈጽሞ አለመጠለል። ባዶ ገጽ የሚፈቀደው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ይጻፍበት።

መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ገፈርሳ ስመለስ ሦስት ወጣት ዝይዎች ከወላጆቻቸው ጋር በውኃው ላይ ሲበሩ አየሁ። በዚያ ፀሐያማ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው በደብተሩ ላይ «አምስት ዝይዎች» ብሎ ይጽፋል። የጻፈው ትክክል ነው። ዘጠኝ ጫጩቶች እንደነበሩ ግን አያውቅም፤ ያን የሚያውቀው በላስቲክ ሥር የቆመው ልጅ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በመጪው ክረምት ከእርሱ ጎን ቁሙ።