የድሮ ቫኩም ቱዩብ ስትገዙ ስሙን ሳይሆን ልኬቱን ጠይቁ

ዊሊያም ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ኦዲዮ ሪሰርችን እዚህ ሚኒያፖሊስ ሲመሠርት፣ የድምፅ ዕቃ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ትራንዚስተር አዙረው ነበር። እሱ ግን በቱዩብ ጸና። ስለዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖር ወጣት የቱዩብ አምፕሊፋየር ቢያምረው አይገርምም። የሚገርመው፣ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ እንኳ በቅጡ ሳይለምድ ቴሌፉንከን ወይም ማላርድ የሚል ስም ላለበት የድሮ ቱዩብ ደመወዙን መክፈሉ ነው። በእኔ እምነት በስም ብቻ የተገዛ ቱዩብ ሎተሪ ነው።

አንደኛ፣ በመስታወቱ ላይ የታተመ ጽሑፍ በቀላሉ ይጠፋል፤ በምትኩ ሌላ ስም ማተምም አይከብድም። በዚያ ዘመንም ቢሆን ፋብሪካዎች አንዱ የሌላውን ምርት ገዝተው በራሳቸው ስም ይሸጡ ነበር። ከስሙ ይልቅ የውስጥ አሠራሩንና በመስታወቱ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ኮድ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ቱዩብን የሚያደክመው ዕድሜው ሳይሆን የሠራበት ሰዓት ነው። ካቶዱ በሠራ ቁጥር ኤሌክትሮን የማመንጨት አቅሙ ይቀንሳል። 50 ዓመት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ቱዩብ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ የዚያው ዓመት ምርት ሆኖ ሲሠራ የኖረው ግን አልቆለታል። ሻጩ «ጥሩ ነው» ካላችሁ በምን መሣሪያ እንደለካው፣ ስንት እንዳነበበና አዲሱ በዚያው መሣሪያ ስንት እንደሚያሳይ ጠይቁት። 12ኤኤክስ7 በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ትራዮድ ስለያዘ የሁለቱም ልኬት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን ፕሮግራመሮች ወዲያው ትረዱታላችሁ፤ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ሥራው አንድ ነው ማለት አይደለም። 12ኤኤክስ7 የማጉላት መጠኑ 100 ነው፤ በዚያው ሶኬት የሚገባው 12ኤዩ7 ግን 20 አካባቢ ነው። 6ዲጄ8ም ዘጠኝ እግር አለው፤ የማሞቂያው ሽቦ አገናኝና የሚችለው ቮልቴጅ ግን ይለያል። የአምፕሊፋየሩን መመሪያ ሳታነቡ አትቀያይሩ። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ ካፓሲተሮቹ ደግሞ ከመብራት ከተነቀሉ በኋላም ይይዛሉ።

የድሮዎቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ የሚለውን አልክድም። ቀስ ብለው ለሚያልቁት ለትንንሾቹ የመግቢያ ቱዩቦች ገንዘብ ማውጣት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። እንደ ኢኤል34 ያሉት የኃይል ቱዩቦች ግን ቶሎ ስለሚያልቁ ተለክተው የተጣመሩ አዳዲሶችን ግዙ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ጆሯችሁ በደንብ የሚያውቀውን የማሕሙድ አሕመድ ዘፈን ክፈቱ፤ ጓደኛችሁ የትኛው እንደተገጠመ ሳይነግራችሁ አዲሱንና የድሮውን ያቀያይር። የድምፁ ከፍታ እኩል ይሁን፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ልዩነቱን ካልለያችሁት ገንዘቡ ኪሳችሁ ይቆይ።